ጃርት በመደቦቹ መካከል

በወረርሽኙ ጊዜ የሰፈራችንን የጋራ ጓሮ ቆልፌ፣ ቁልፉን ይዤ ቤቴ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። ጎረቤቴ ወይዘሮ ብርቅነሽ ጎመናቸው ሲደርቅ በአጥር ቀዳዳ እያዩ ሰነበቱ። እስቲ ተረት ልበል፣ ጆሮ ስጡኝ።

በድሮ ዘመን እንስሳት ጎመን በጋራ በሚያለሙበት አገር የሳል በሽታ ገባ። ፈሪው ዝንጀሮ በጓሮው በር ላይ እሾህ ከምሮ፣ “ማንም እንዳይገባ! ከተጠጋጋችሁ ታልቃላችሁ” አለ።

የልጆች እናት ጥንቸል፣ “አያ ዝንጀሮ፣ ከሳሉ ብናመልጥ ከረሃቡ የት እንገባለን? ጎመኑ እኮ ውሃ ካላገኘ ሦስት ቀን አይቆይም” አለችው።

“እኔ ምን ላድርግ፣ እመት?”

ይህን ጊዜ ጃርት መጣች። የጀርባዋን እሾህ እየፈራ በሰርግም በለቅሶም አጠገቧ የሚቀመጥ አልነበረም።

“እሾህህን አንሳ፣ አያ ዝንጀሮ። በጎመን መደቦቹ መካከል እኔ እመላለሳለሁ። መጠጋጋት ያማረው መጀመሪያ እኔን ይለፍ!”

ዝንጀሮ ሳያስበው ሳቀ፤ እሾሁንም አነሳ።

ከዚያ ወዲያ ጥንቸል በወዲህ፣ ሚዳቋ በወዲያ ሆነው ሲያጠጡ፣ ጃርት እሾኋን አቁማ በመካከላቸው ትንጎራደድ ነበር። ሳሉ አለፈ፤ ጎመኑ ግን አንድም ቀን አልጠወለገም። በድግሱ ቀን ጃርትን መሀል አስቀመጧት፤ ጥንቸልም በረጅም እንጨት አጎረሰቻት።

በእኛም ሰፈር መሀል ቆማ የምታራርቅ ጃርት አልጠፋችም ነበር፤ እኔ ግን እሾሁን አላነሳሁም። ተረቴን መልሱ፣ እኔንም እባካችሁ ይቅር በሉኝ።