ትሁኔን ወንዝ ዳር የሚያደርሳት ጠፋ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ፤ መሳቅ ይቻላል፣ ማልቀስም አልከለክልም።

ትሁኔ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ባሏ በሕይወት ሳለ እሑድ እሑድ የወንዙን ዳር ይዘው፣ ዛፍ ጥላ ሥር እያረፉ፣ ወፍ እያዩ፣ ቀስ እያሉ እስከ መናፈሻው ይሄዱ ነበር። ከሞተ ዓመት አልፎታል፤ እሷ ግን አሁንም ጥቁር ከሏን እንደለበሰች ናት። ከል ደግሞ ሐዘንተኛው በገዛ እጁ አያወልቀውም፤ ሰው መጥቶ "ይብቃሽ" ብሎ ነው የሚያስወልቀው። ማንም አልመጣም። ቤቱ ጭር አለባት፣ ብቸኝነቱ አንገበገባት።

አንድ እሑድ ጎረቤቷን እንጉዳይን "እባክሽ እስከ መናፈሻው አብረን እንሂድ" አለቻት።

"ውይ፣ ከል ለብሰሽ ሽርሽር! ሰው ምን ይለናል? መጀመሪያ ጋሽ በላቸው ያስወልቁሽ።"

ጎረቤት አልሄድ አለች፤ ትሁኔም ከወንዙ ቀረች።

ሀፍረቷን ዋጥ አድርጋ የሰፈሩ ሽማግሌ ጋሽ በላቸው ዘንድ ሄደች። "ጋሼ፣ ከሉን ያስወልቁኝ።"

"ልጄ፣ የሟች ወንድም ሳይፈቅድ እኔ እጄን አላስገባም።"

ሽማግሌው አላስወልቅ አሉ፣ ጎረቤት አልሄድ አለች፤ ትሁኔም ከወንዙ ቀረች።

የባሏ ወንድም ሻምበል ውብሸት አንገቱን ደፋ። "እትዬ፣ እኔ ምን ከፋኝ? መምሬ ዘለቀ ሳይባርኩ ብፈቅድ ግን ወንድሙን ረሳ ይሉኛል።"

ወንድም አልፈቅድ አለ፣ ሽማግሌው አላስወልቅ አሉ፣ ጎረቤት አልሄድ አለች፤ ትሁኔም ከወንዙ ቀረች።

መምሬ ዘለቀ ደግሞ ጢማቸውን ዳበስ አደረጉ። "መባረኩስ ደስታዬ ነበር። ግን ለዚህ ጉዳይ ሐዘንተኛ ራሷ ቄስ አትጠራም። ጎረቤት ትጥራኝ።"

ቄሱ አልባርክ አሉ፣ ወንድም አልፈቅድ አለ፣ ሽማግሌው አላስወልቅ አሉ፣ ጎረቤት አልሄድ አለች፤ ትሁኔም ከወንዙ ቀረች።

ይሉኝታ ስንቱን አሰረው! ትሁኔ ተመልሳ እንጉዳይ ደጃፍ ላይ ቁጭ አለችና አለቀሰች።

"ሁሉም የሚጠብቁት አንቺን ነው፣ እንጉዳይ። እኔ ደግሞ ብቻዬን ማለቄ ነው።"

እንጉዳይ ክው አለች። "እኔን? እኔ እኮ እነሱን ስጠብቅ ነው ዓመት ያለፈው!" ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል ሮጠች።

ያን ጊዜ ጎረቤት ቄሱን ጠራች፣ ቄሱ ባረኩ፣ ወንድም ፈቀደ፣ ሽማግሌው ከሉን አስወለቁ፣ ጎረቤት ነጭ አልብሳ ይዛት ወጣች፤ ትሁኔም ወንዙ ዳር ደረሰች።

ቀስ እያሉ ሄዱ። መናፈሻው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ትሁኔ ወፎቹን ትታ ባዶውን የወንበር ጫፍ አየች።

"ደስ አላለሽም እንዴ?" አለች እንጉዳይ።

"ደስ ብሎኛል። እሱ ግን የለም።"

እንጉዳይ ጠጋ አለቻትና፣ "የለም" አለች። "እኔ ግን ነገም እመጣለሁ።"