ፍየሏን ያሻገርኩ ቀን

አባቴ «ውሃ የሚያስፈራው እስኪሻገሩት ነው» ይል ነበር። እንግዲህ ጆሯችሁን ስጡኝ፣ ተረት ላወራችሁ ነው።

ነብር፣ ፍየልና አንድ እስር ቅጠል ይዤ ወንዝ ዳር ደረስኩ። ታንኳዋ ከእኔ ሌላ አንድ ብቻ ትይዛለች። መጀመሪያ ፍየሏን አሻገርኩ። ቀጥዬ ቅጠሉን አደረስኩና እሷን ይዤ ልመለስ ስል፣

«ደግሞ ልትመልሰኝ? አብደሃል እንዴ ሰውዬ!» አለች።

«ቅጠሉን እንዳትበዪው ነው። አፍሽን ዝጊ!»

እሷን ይዤ ስመለስ ነብሩ ግን «እኔ ምን ቸገረኝ ጌታዬ፣ ተራዬን እጠብቃለሁ» አለ።

እሱን አሻገርኩ፤ በመጨረሻ እሷን። ሁሉም በደህና ተሻገሩ። ተንበርክኬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ፈጣሪዬን ማመስገን ጀመርኩ። ፍየሏ ጮኸች። ያው ጭቅጭቋ መሰለኝ፤ ጸሎት ደግሞ አይቋረጥም። «አሜን» ብዬ ዓይኔን ስገልጥ ነብሩ አፉን ይልሳል።

አንድ የማላውቀው መንገደኛ ከወዲያ ማዶ ጮኾ እንዲህ አለኝ፦

«አባባ፣ እርስዎን ስትጠራ እኮ እዚህ ድረስ ይሰማ ነበር።»