ያልገባቸው ሠላሳ አንዱ

አንድ በዕውቀታቸው የተከበሩ፣ በፈተናቸው ደግሞ የተፈሩ የሒሳብ መምህር በአንድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ ነበር። ስማቸው ዶክተር መርሻ ነው። ሰሌዳውን ሞልተው፣ አጥፍተው፣ እንደገና ሞልተው ሲያበቁ ጠመኔውን ያስቀምጡና «ገብቷችኋል?» ይላሉ። የአንደኛ ዓመት ተማሪዎቹም በአንድ ድምፅ «ገብቶናል» ይላሉ። ይህችን ቃል ከአንደኛ ክፍል ጀምረው ሲሏት ያደጉ ስለሆኑ መልስ መሆኗ ቀርቶ የስንብት ሰላምታ ሆናለች። መምህሩ ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ፣ ተማሪው ለምሳ ይሰለፋል፣ ፈተና ሲመጣ ግማሹ ይወድቃል። በዚያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የወደቀ ተማሪ ዕቃውን ሸክፎ ወደ መጣበት ይመለሳል።

የተባራሪው ቁጥር ሲበዛ ዩኒቨርሲቲው አንድ ሥርዓት አወጣ። ኮርሱን ያለፉ ነባር ተማሪዎች «አጋዥ» ተብለው ይመደባሉ። እያንዳንዱ አጋዥ አንድ ክፍል ይይዛል፤ ከትምህርት በኋላ ከተማሪዎቹ ጋር ተቀምጦ ያልገባቸውን ያስረዳል። ዓርብ ዓርብ ደግሞ አንድ ቅጽ ሞልቶ ለመምህሩ ያስረክባል። ቅጹ ላይ «ያልገባቸው ተማሪዎች ብዛት፣ ያልገባቸው ነገርና ምክንያቱ» የሚል ቦታ አለ።

አጋዦቹ ብልጦች ነበሩ። በዚያ ቦታ ላይ ቁጥር ከጻፉ እነሱ ሰነፍ፣ መምህሩም ደካማ መስለው እንደሚታዩ ለመረዳት አንድ ሳምንት አልፈጀባቸውም። ስለዚህ ሁሉም «የለም» ብለው ይጽፋሉ። ዶክተር መርሻም ቅጾቹን በፋይል እያሰሩ ያስቀምጣሉ። ሁሉም ሰላም ነው፤ የሚወድቁት ብቻ ይወድቃሉ።

ከአጋዦቹ መካከል አስናቁ የምትባል የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። በውጤት የመጨረሻዋ እሷ ናት። እንዲያውም ይህንኑ ኮርስ መጀመሪያ ወድቃ፣ ተባርራ፣ አንድ ዓመት ቤቷ ተቀምጣ፣ ተመልሳ ነው ያለፈችው። ሌላ አመልካች ስላልተገኘ ነው የተመረጠችው ብለው የሚያሟት ነበሩ። ሐሜቱ እውነት ነው።

አርባ ሁለት ተማሪዎች ተሰጧት። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ሕግ አወጣች። «እኔ ፊት ገብቶኛል ማለት ክልክል ነው፤ የገባው ሰው ሠርቶ ያሳየኝ። እኔ ደግሞ የማንንም እስክሪብቶ አልቀበልም፤ የሚጽፈው ባለቤቱ ነው።» ተማሪዎቹ አልወደዷትም። ሌላው ክፍል አጋዡ ጥያቄውን ሠርቶ ያስገለብጣል፤ እነሱ ግን ባዶ ወረቀት ላይ አፍጥጠው ይውላሉ።

ባንቴ የሚባል አንድ ተማሪ ነበር። ከትምህርት ቤቱ አገር አቀፉን ፈተና ያለፈው እሱ ብቻ ስለሆነ ሀገሩ ሁሉ ጎበዝ ይለዋል፤ በዚህ ምክንያት መጠየቅ ያፍራል። አንድ ቀን አስናቁ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ግማሽ ዳቦ አለህ እንበል። እኔ ደግሞ ሲሶ ጨመርኩልህ። ስንት ሆነልህ?»

ባንቴ በክፍልፋይ ጻፈው። ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው ደመረና «ሁለት አምስተኛ» አላት።

«ሁለት አምስተኛ ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?»

ትንሽ አሰበና «ያንሳል» አለ።

«እና ዳቦ ጨምሬልህ ዳቦህ ያነሰው ሰርቄህ ነው?»

በዙሪያው የነበሩት ሳቁ። ባንቴም ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋና «ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ እንዲህ ነው የምደምረው» አለ። «ማንም አልነገረኝም።»

አስናቁ ለሁሉም ቁራጭ ወረቀት አደለችና ያንኑ ጠየቀቻቸው። ከአርባ ሁለቱ ሠላሳ አንዱ እንደ ባንቴ ደመሩ። ያን ጊዜ ነገሩ ተገለጠላት። ዶክተር መርሻ ሰሌዳው ላይ ክፍልፋዮች ሲቀናነሱ የሚመጣውን መስመር «ይህ ግልጽ ነው» ብለው ይዘሉታል። ሠላሳ አንዱ ተማሪ በየቀኑ እዚያች የተዘለለች መስመር ላይ ነው የሚቀረው። ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚገለብጠው እንደ ሥዕል ነው።

ዓርብ ዕለት ቅጹን እንዲህ ብላ ሞላችው፦ «ያልገባቸው፣ ከአርባ ሁለቱ ሠላሳ አንድ። ያልገባቸው ነገር፣ ክፍልፋይ መደመርና መቀነስ። ምክንያቱ፣ ክፍል ውስጥ ይህ መስመር ስለሚዘለል።»

ሰኞ ጠዋት መምህሩ ቢሮ አስጠሯት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ቅጹ ነው፣ መምህር።»

«እኔ የማስተምረው ካልኩለስ ነው። ክፍልፋይ የሕፃናት ትምህርት ነው።»

«ልክ ነው። ግን አያውቁትም።»

«ሌሎቹ ስምንት አጋዦች የለም ብለው ጽፈዋል። አንቺ ከስምንቱ ትበልጫለሽ?»

«አልበልጥም። የመጨረሻዋ እኔ ነኝ። ግን ጠይቄ አየሁት።»

ዶክተር መርሻ ከመሳቢያቸው ጽሑፍ የሚያጠፉበትን ነጭ ፍሉድ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ድምፃቸው ለስለስ አለ። «አጥፊውና የለም ብለሽ ጻፊበት። እኔም እረሳዋለሁ።»

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ምን እንደምናደርግ አውቃለሁ። እኔም ብሆን አጠፋው ነበር። ዝም አይነቅዝም የሚባለው ለእንዲህ ያለ ሰዓት ነው። አስናቁ ግን እጇን ከጉልበቷ ላይ አላነሳችም።

«መምህር፣ እኔ ገብቶኛል እያልኩ ነው የተባረርኩት» አለች። «አንድ ዓመት ሙሉ ቤት ተቀምጬ የሰፈር ሰው ለምን መጣሽ ሲለኝ ከረመ። ያኔ አንድ ሰው ይህች ልጅ አልገባትም ብሎ ቢጽፍልኝ ኖሮ አልሄድም ነበር። ይሄን አላጠፋም።»

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ አጋዥ አይደለሽም።»

«ይሁን። ሠላሳ አንዱ ግን ሠላሳ አንድ ናቸው።»

የዶርም ጓደኛዋ ይህን ስትሰማ «የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን ጣልሽ» አለቻት። አስናቁም «የብብቴ ባዶ ቅጽ ነው፤ ይውደቅ» ብላ መለሰች። በአፏ እንዲህ አለች እንጂ ነገሩ አልቀለላትም። ፈተናው አምስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ማን ማን እንደሚባረር በስም ታውቃለች።

በእሷ ቦታ ከዓመቱ አንደኛ የሆነው ተማሪ ተመደበ። ጎበዝነቱን ማንም አይክድም። መጥቶ ጥያቄዎቹን በሚያምር ጽሕፈት ሠርቶ ሰሌዳውን ሞላና «ገባችሁ?» አላቸው። ተማሪዎቹም የለመዱትን መልስ ሰጥተው ሸኙት። ዓርብ ዕለት እሱም «የለም» ብሎ ጻፈ።

ባንቴ አስናቁን ፍለጋ ሄደ። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለው የድንጋይ ደረጃ ላይ ተቀምጣ የራሷን ትምህርት ስታጠና አገኛት።

«ተባረርሽ አሉ።»

«ከቅጹ ነው የተባረርኩት። ከደረጃው ማንም አላባረረኝም። ቁጭ በል፣ ደብተርህን አውጣ።»

በማግስቱ አምስት ሆነው መጡ። በሳምንቱ ደረጃው ሞልቶ ለአላፊ አግዳሚ መርገጫ ጠፋ። ሕጉ ያው ነው፤ ገብቶኛል ማለት ክልክል፣ እስክሪብቶ መቀበል ክልክል። ክፍልፋዩ የገባው ላልገባው ያስረዳል፤ ሲሳሳት አስናቁ ጣልቃ ሳትገባ ትጠብቃለች፤ ሌላው ያርመዋል። አንዳንዴ አንዲት መስመር ላይ ሙሉ ሰዓት ይከራከራሉ። ከሩቅ ለሚያያቸው ጠበኞች ይመስላሉ።

ወሬው ዶክተር መርሻ ጆሮ ደረሰ። ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው አንድ ከሰዓት በኋላ ራሳቸው መጡ። ተማሪዎቹ ሲያዩአቸው ደብተራቸውን ከደኑ። አስናቁ ተነስታ እጅ ነሳች፤ ወዲያውም ተመልሳ ተቀመጠች።

«ማን ፈቀደልሽ?»

«ማንም አልፈቀደልኝም። ደረጃ ላይ መቀመጥ ፈቃድ ያስፈልገዋል ብዬ አላሰብኩም።»

«የእኔን ኮርስ እያስተማርሽ ነው።»

«የእርስዎን እርስዎ አስተምረዋል። እኛ የተዘለለውን ነው የምንሠራው።»

«አሁኑኑ እንድትበተኑ። ተነሺ።»

«መምህር፣ አከብርዎታለሁ። ግን እነዚህ ልጆች ከወደቁ ዕቃ የሚሸክፉት እነሱ ናቸው፤ እርስዎም እኔም አይደለንም። አልነሳም።»

መምህርን እንዲህ ፊት ለፊት እምቢ ማለት በዚያ ግቢ ታይቶ አይታወቅም። ቀስ ብሎ ባንቴ ተነሳ።

«መምህር፣ በጠየቁን ቁጥር ገብቶኛል እልዎት ነበር። ውሸቴን ነው። አንድም ቀን አልገባኝም።»

«እኔም» አለች አንዲት ተማሪ ከኋላ። «እኔም» አለ ሌላው። ከደረጃው ሥር እስከ አናቱ እኔም፣ እኔም እየተባለ ሄደ። ዶክተር መርሻ ወደ ባንቴ ዞሩ።

«ታዲያ ስጠይቃችሁ ለምን አትናገሩም ነበር?»

ባንቴ መሬት መሬት እያየ «ጠመኔውን ካስቀመጡ በኋላ ነው የሚጠይቁን» አለ።

እዚህ ላይ መምህሩ አለቀሱ፣ ይቅርታም ጠየቁ ብዬ ብጽፍ ታሪኩ ያምርልኝ ነበር። አላለቀሱም፤ ይቅርታም አልጠየቁም። ዞር ብለው ሄዱ። በማግስቱ ግን ክፍል ገብተው ያችን የተዘለለች መስመር ሰሌዳው ላይ ጻፏት። ምክንያቱን አልተናገሩም። ከሥሯ ያለውንም፣ ከዚያም ሥር ያለውን ሳይዘሉ ጻፉ፤ በዚያ ቀን ያሰቡትን ግማሹን እንኳ ሳይጨርሱ ደወል ተደወለ።

ውጤት ሲለጠፍ ከአርባ ሁለቱ ሠላሳ ሰባቱ አለፉ። ባንቴም ለጥቂት አለፈ። አምስቱ ወደቁ። አስናቁ አምስቱንም እስከ መናኸሪያ ሸኘቻቸው። «እኔም በዚሁ አውቶቡስ ሄጄ ተመልሻለሁ» አለቻቸው። «ስልኬን ያዙ። ክፍልፋይ በስልክም ይደመራል።»

ዶክተር መርሻ በዓመቱ ስብሰባ ላይ ስላገኙት አዲስ የማስተማር ዘዴ ንግግር አደረጉ፤ ተጨበጨበላቸውም። አስናቁ ይህን ስትሰማ ተናደደች። ሰው ናትና ለምን አትናደድ? ንዴቷን ይዛ ግን ቤቷ አልተቀመጠችም። አዲስ አጋዦች ሲመለመሉ እንደገና አመለከተች። ማመልከቻው «ከዚህ ቀደም ከአጋዥነት ተነስተው ያውቃሉ? ምክንያቱ ምን ነበር?» ይላል። እንዲህ ብላ ሞላችው፦ «አዎ። ያልገባቸውን ተማሪዎች ቁጥር በትክክል ስለጻፍኩ። ብትቀበሉኝ ደግሜ እጽፋለሁ።»

ማመልከቻው እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም። እሷም መልስ አልጠበቀችም። አዲሶቹ ተማሪዎች ሲገቡ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ሄዳ ተቀመጠች። ከእሷ ሁለት ደረጃ ዝቅ ብሎ ባንቴ የራሱን ስድስት ተማሪዎች ይዞ ተቀምጧል፤ አንዱ እስክሪብቶውን ሲዘረጋለት እጁን ወደ ኋላ ይደብቃል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አባቶች። እኛ ግን ብሰናል፤ የሌላውን ሰው በሽታ በፊርማችን እንደብቃለን፣ ከዚያም ታማሚው ሲሞት ሰነፍ ነበር እንላለን። ሰውን ለማገዝ አንደኛ መውጣት አያስፈልግም። የወደቅንበትን ቦታ አለመርሳት፣ ሌላው እዚያው ሲወድቅ ያየነውንም አላየንም አለማለት ይበቃል። እምቢታ ሁሉ ጥጋብ አይደለም፤ አንዳንዱ እምቢታ ሰው ከአውቶቡስ ያስቀራል።

ቅጽ የሚሞላ፣ ሪፖርት የሚጽፍ ወዳጅ ካለዎት ይህን ያንብቡለት። ከዚያ በፊት ግን ለራስዎ ይመልሱ፦ በዚህ ሳምንት «የለም» ብለው የፈረሙበት ወረቀት የትኛው ነው? በዚያች ፊርማ ምክንያት ዕቃውን የሚሸክፈውስ ማን ነው?