ናይደን፦ ከድልድዩ ላይ የተገኘው

በስላቮች አገር፣ በባልካን ተራሮች ሥር፣ ስቱደን ብሮድ በምትባል መንደር ዛሬም ናይደን የሚባል ወንድ የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። ናይደን ማለት «የተገኘ» ማለት ነው። እኛ ወንድሙን ለተካው ልጅ ምትኩ እንደምንለው ሁሉ፣ እነሱም ይህን ስም ለጌጥ አላወጡትም።

ሽማግሌዎቹ እንደሚሉት፣ ራድካ የምትባል የባለወፍጮ ሚስት ሦስት ወንዶች ወልዳ ሦስቱንም አርባ ቀን ሳይሞላቸው ቀበረች። አራተኛው በሃያኛው ቀኑ ጡት አልይዝ፣ አላለቅስ ሲል አማቷ ጠራቻት።

«ልጄ፣ ሞት ደጅሽን ለምዷል። ሕፃኑን ወስደሽ ድልድዩ ላይ ጣይው። መጀመሪያ ያገኘው መንገደኛ ስም ካወጣለት የእሱ ልጅ ይሆናል፤ ሞትም ቤቱ ይጠፋዋል። ግን ወዮልሽ፣ ድምፅሽ እንዳይሰማ! ከተሰማ ልጁ ያንቺው ነው» አለቻት።

ራድካ በማለዳ ልጇን ድልድዩ ላይ አስተኝታ ከዛፍ ጀርባ ተሸሸገች። ረፈደ፣ ቀትር ሆነ፣ ዝር ያለ ሰው የለም። በመጨረሻ የበትር ኳኳታ ሰምታ አጮልቃ ብታይ፣ መጪው ቬልኮ ነው፤ ማሲንቆ መሳይ ይዞ በየመንደሩ እየዘፈነ የሚዞር ዓይነ ስውር። ከሰው ሁሉ የማያይ ሰው ይላክባት! ልጁ አያለቅስ፣ እሷ አትናገር። በትሩ ልጁን በስንዝር ስቶት ሲያልፍ፣ ሻሿን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ትንፋሿን ዋጠች።

ቬልኮ አምስት እርምጃ ሄዶ ቆመ ይባላል። ከዚያ ተመለሰ፣ ተንበረከከ፣ የድልድዩን ድንጋይ እየዳበሰ ልጁን አገኘው። አንስቶ ብብቱ ውስጥ ከተተውና ለወንዙ የሚነግር ይመስል ጮክ ብሎ ተናገረ።

«እዚህ ቅርብ ትንፋሹን የያዘ ሰው አለ። ሰው እንዲህ የሚሆነው ነፍሱን መሬት ላይ ሲያስቀምጥ ነው ብዬ ፈለግሁ። ልጁ የማን ነው?»

ራድካ ሻሿን አጥብቃ ነከሰች።

«እንግዲያው የእኔ ነው። ስሙም ናይደን ይሁን። ጡት ያላት ሴት ካለች ታሳድግልኝ።»

ያን ጊዜ ልጁ አለቀሰ። ዘጠና ዓመት ኖረም ይባላል። የሚገርመው ግን ዕድሜው አይደለም፤ ዓይን የሌለው ሰው ያገኘው በእናቱ ዝምታ መሆኑ ነው።

ዛሬም በዚያች መንደር ናይደን ተብሎ የሚጠመቅ ልጅ ሲኖር፣ የክርስትና አባቱ ዓይኑን ጨፍኖ ከወለሉ ላይ ዳብሶ ያነሳዋል። እናቱ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ውጭ ቆማ ትንፋሿን ትይዛለች። ስሙ ሲጠራ የምትለቀው ትንፋሽ መሠዊያው ድረስ ይሰማል።