የቄጠማው ባለቤትና የብረቱ ባለቤት

ከሐይቁ ዳር ቄጠማ እያጨደች የምትሸጥ አንዲት ምላሰኛ ሴት ነበረች። ከገበያ የተረፈውን ለላሟ ትሰጣት ነበር፤ ላሚቱም ሞተች። የእንስሳት ሐኪሙ ቄጠማውን አስመርምሮ ለቆዳ ማልፊያ የሚጨመር መርዛም ብረት በውስጡ እንደተገኘ ነገራት። የቆዳ ፋብሪካው ቱቦ ደግሞ ቆሻሻውን የሚደፋው እዚያው ቄጠማው መሀል ነው። ሴትየዋ «ላሜን ይተኩልኝ» ብላ ፋብሪካውን በሽማግሌ ጠየቀች።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ምንተስኖት ካርታ ይዘው መጡ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ዳርቻው በካርታ የእኛ ነው። ስለዚህ ቄጠማውም የእኛ ነው፤ ሰርቀሽናል።»

«ብረቱስ፣ ጌታዬ?»

«ብረቱ እግዚአብሔር በተፈጥሮ ያስቀመጠው ነው፤ እኛን አይመለከትም። አሁን በአባቶች ፊት ሌባ መሆንሽን እመኚ፤ ያለዚያ ሁለተኛ ወደ ሐይቁ ድርሽ አትዪም።»

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ካርታና ማኅተም ከያዘ ሰው ጋር መከራከር ምን እንደሚያስከትል የደረሰበት ያውቀዋል።

ሴትየዋ ግን ነጠላዋን አደግድጋ እጅ ነሳች።

«አባቶቼ፣ ጌታው እንዳካፈሉን ከሆነ እግዚአብሔር ያበቀለው ቄጠማ የፋብሪካው፣ ብረቱ ደግሞ የእግዚአብሔር ሆኗል። ይሁን፣ አልከራከርም። አንድ ነገር ብቻ ጌታውን ልጠይቅ። እግዚአብሔር የሚልክልንን ሁሉ ከሰማይ ሲያወርድ ነው የምናውቀው። በእርስዎ ቱቦ መላክ የጀመረው መቼ ነው?»