ንጉሡ ያስጣለው ፉርሽካ

«ተረት ተረት።»

«የመሰረት።»

በድሮ ጊዜ፣ ክረምት ሲሆን ውኃ በሚተኛበት ሜዳ ላይ፣ አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ቢሻው ሩዝ ይዘራል፤ እሷ በሙቀጫ ትፈትጋለች። አንድ ቀን ቢሻው ለንጉሡ ሩዝ ወሰደ። ገለባው እንጂ ቡናማ ልብሱ ገና አልወለቀም ነበር። ንጉሡ ደግሞ ነጭ ነገር ብቻ ነው የሚወደው፤ ነጭ ዶሮ ካልጣለችው እንቁላል እንኳ አይበላም።

«ጥቁር ሩዝ ታበላኛለህ?» ብሎ ቢሻውን አሰረው። ለአንጓችም፣ «አንድ ፍሬ ሳይሰበር፣ እንደ ጥርስ አንጥተሽ ካላመጣሽ ባልሽን አታገኚውም» ብሎ ላከባት።

አንጓች ደነገጠች። ያልደረቀውን ሩዝ ቸኩላ ወቀጠችው፤ ድቅቅ አለ። ማሳው ዳር ተቀምጣ ስታለቅስ አንዲት እንቁራሪት ብቅ አለች።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። መጀመሪያ ፀሐይ ይምታው እንጂ» አለቻት።

ሩዙ ሲደርቅ እንቁራሪቷ ዘነዘናውን ነካችው፤ ብቻውን መውቀጥ ጀመረ። አንዴ ወቀጠ፤ ገለባው ለቀቀ። ሁለቴ ወቀጠ፤ ሩዙ ነጣ። ሦስቴ ወቀጠ፤ አብረቀረቀ። አንድም ፍሬ አልተሰበረም።

«ከላዩ የለቀቀውን ቡናማ ፉርሽካ ግን እንዳትጥዪው፤ የሩዙ ጉልበት ያለው እሱ ውስጥ ነው» አለቻት እንቁራሪቷ።

ንጉሡ ነጩን ሩዝ ሲያይ ፈነደቀ። ቢሻውን ግን አልፈታም፤ «በየቀኑ እንዲህ ያለ አምጪ» አለ እንጂ። ጠዋት ነጭ ሩዝ፣ ቀትር ነጭ ሩዝ፣ ማታ ነጭ ሩዝ፤ ሌላ አልቀምስም አለ። ወራት አለፉ። እግሩ አብጦ አልራመድ አለው። ሦስት ባለመድኃኒት ተጠራ፤ ሦስቱም አልቻሉም።

አንጓች ቀረበች። «ጃንሆይ፣ እኔ አድንዎታለሁ፤ ከዳኑ ባሌን ይፍቱልኝ። ሲበሉ ግን ዓይንዎን ይጨፍኑ።»

ንጉሡ ማለላት። እሷም ያስቀመጠችውን ፉርሽካ ገንፎ አገንፍታ አበላችው። በሳምንቱ ጣቶቹ ተንቀሳቀሱ። በሁለተኛው ሳምንት ቆመ። በሦስተኛው እስከ በሩ ሄደ። ያን ጊዜ ዓይኑን ገልጦ ገበታውን አየ።

«ይሄ ቡናማ ነገር ምንድን ነው?»

«ጥቁር ነው ብለው ያስጣሉን የሩዙ ፉርሽካ ነው፣ ጃንሆይ።»

ንጉሡ አፈረ። ሎሌ አልላከም፤ በዳነ እግሩ ራሱ እስር ቤት ሄዶ፣ ጎንበስ ብሎ የቢሻውን እግር ብረት ፈታ። እሱንና አንጓችን «እግዜር ይስጥልኝ» አላቸው፤ ከዚያ በፊት ይህን ቃል ለማንም ብሎ አያውቅም ነበር። ባልና ሚስቱም እንቁራሪቷን እያመሰገኑ ቤታቸው ገቡ።

ልጆች፣ ያማረ ሁሉ አያጠግብም፤ መልኩን አይታችሁ አትናቁ፣ ያቆማችሁንም አመስግኑ።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በሩዝ ገንፎ አብሱ።