በር ያላሳለፋት የአሰግድ ፔጆ

ይህን የነገረችኝ ከግቢያችን ፊት ለፊት ሱቅ ያላት ፈቱም ናት። እኔ የጨመርኩበት በአጥሩ ቀዳዳ ያየሁትን ብቻ ነው፤ ቀዳዳው እንደሆነ ሰፊ ነው።

ጎረቤቴ አሰግድ ድሬዳዋን ሃያ ዓመት በፔጆ ታክሲ ሲያመላልስ ኖረ። ደከመኝ አለና ያቺኑ ፔጆ ግቢ አስገብቶ ይፈታታት ጀመር። ጣሪያዋን በመጋዝ ቆረጠ። ከሚኒባስ የወለቀ ትልቅ ሞተር ጫነባት፤ ኮፈኑ አልዘጋ ሲለው ኮፈኑን ጣለው። ጎንና ጎኗን በብየዳ አሰፋና የጭነት መኪና ጎማ የሚያክል ጎማ አሰረላት፤ የድሮዎቹን ጎማዎች ቆራሌው ወሰዳቸው። ቀይ ቀባት። ይህ ሁሉ ልጁ ቤዛዊት እሁድ ስለምታገባ ነው። የሙሽራው ወገኖች ነጭ መኪና እናምጣ ቢሉ፣ እሷ "በአባዬ መኪና ካልሆነ በእግሬ እሄዳለሁ" ብላ መለሰቻቸው።

ሐሙስ ጠዋት ሞተሩን አስነሳ። መኪናዋ ሄደች፣ ሄደች፣ የግቢው በር ላይ ቀጥ አለች። በአራት ጣት ሰፍታለች! ስትገባ ቀጭን ነበረች፤ ያወፈራት እሱ ነው። እናም መኪናዋ በሩን አላልፍም አለች።

አሰግድ ወደ አከራዩ ወደ እትዬ ፈለቀች ሮጠ። "እትዬ፣ የበሩን ምሰሶ ላፍርሳት? ሰኞ መልሼ እሠራታለሁ።"

"ሂድ እዛ! ያለ ድምፅ ማፈኛ፣ ያለ ማርሚታ እያስጓራህ ግድግዳዬን ጥላሸት አልብሰኸው ምሰሶ ትለኛለህ? መጀመሪያ ይቀባ። ደግሞ በአንተ እጅ አይደለም፣ ኢብሳ ይቀባው!"

እትዬ ፈለቀች ምሰሶውን አላስነካም አሉ፤ መኪናዋ በሩን አላልፍም አለች።

ቀለም ቀቢው ኢብሳ ገና ሲያየው ሳቀ። "አቦ ጋሽ አሰግድ! ለአንድ ሰዓት ብለህ ወስደህ ቀኑን ሙሉ ያስጮህከው የቀለም መርጫዬ ሞተሩ ተቃጥሎ ይኸው ተጋድሟል። እሱ ሳይነሳ እኔም ብሩሽ አላነሳ።"

ኢብሳ ግድግዳውን አልቀባም አለ፤ እትዬ ፈለቀች ምሰሶውን አላስነካም አሉ፤ መኪናዋ በሩን አላልፍም አለች።

የተቃጠለ ሞተር ሽቦውን ቀይሮ የሚጠመጥመው የሰፈሩ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሚፍታህ ነው። ሚፍታህ ቀና ብሎም አላየው። "የመኪናህን ባትሪ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን ገልብጠህ አስረህ ሽቦውን ያነደድከው አንተ። 'ሚፍታህ አቃጠለብኝ' ብለህ ሰፈሩን የዞርከውም አንተ። ከዚያ ወዲህ በሬን የሚያንኳኳ ጠፋ። ሚስትህ አጠገብህ ቆማ ነበር፤ እሷ ወጥታ ያየችውን ትናገርልኝ።"

ሚፍታህ ሞተሩን አልጠመጥምም አለ፤ ኢብሳ ግድግዳውን አልቀባም አለ፤ እትዬ ፈለቀች ምሰሶውን አላስነካም አሉ፤ መኪናዋ በሩን አላልፍም አለች።

ሚስቱ አልጋነሽ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። እየከተፈችም መለሰችለት።

"በሩን ለካው ስልህ 'ስለ መኪና ምን ታውቂያለሽ' አልከኝ። ማርሚታ እሰርላት ስልህ 'ድምፁ ይታፈናል' አልከኝ። አሁን ላጠፋኸው የእኔ አፍ ተፈለገ? አፍ አለህ፤ መጀመሪያ ራስህ ተናገር።"

"በሰው ፊት?"

"ሚፍታህን ያማኸው በማን ፊት ነበር?"

አልጋነሽ አልናገርም አለች፤ ሚፍታህ ሞተሩን አልጠመጥምም አለ፤ ኢብሳ ግድግዳውን አልቀባም አለ፤ እትዬ ፈለቀች ምሰሶውን አላስነካም አሉ፤ መኪናዋ በሩን አላልፍም አለች።

አሰግድ ጎማው ላይ ቁጭ አለ። ያ ሰው ተሳሳትኩ ሲል ሰምቼው አላውቅም፤ መንገድ ሲጠፋው እንኳ መንገዱን ነበር የሚሰድበው። ቤዛዊት ግማሽ ራሷን ተሠርታ፣ ግማሹን በትና ወጣች።

"አባዬ፣ በእግሬ ልሂድ እንዴ?"

አሰግድ ተነሳ፣ ግራሶ የነካውን እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ ዳቦ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ወደተሰበሰበበት ወደ ፈቱም ሱቅ ተሻገረ።

"ስሙኝማ! ባትሪውን የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ሚፍታህ እጁ የለበትም፤ ዋሽቼበታለሁ። የኢብሳን መርጫ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። የእትዬን ግድግዳ ያጠቆርኩት እኔ ነኝ። በሩንም ሳልለካ መኪና የሠራሁት እኔው ነኝ።"

"ሌላስ?" አለችው ፈቱም።

"ኧረ ይበቃል አንቺ!"

አሰግድ ሲናገር አልጋነሽ "እውነቱን ነው፣ አይቻለሁ" አለች፤ አልጋነሽ ስትናገር ሚፍታህ ሞተሩን ጠመጠመ፤ ሚፍታህ ሲጠመጥም ኢብሳ ግድግዳውን ቀባ፤ ኢብሳ ሲቀባ እትዬ ፈለቀች "በል አፍርሳት" አሉ። አሰግድ ግን ያነሳውን ዶማ አስቀመጠና ሜትር ይዞ ለካ። ደግሞ ለካ። ከዚያ እሁድ ማለዳ ምሰሶው ወደቀ፤ ምሰሶው ሲወድቅ መኪናዋ በሩን አለፈች፤ መኪናዋ ስታልፍ ቤዛዊት ቬሏን በሁለት እጇ ይዛ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። እልልታው ከሞተሩ ድምፅ ጋር ሲፎካከር ዋለ።

ቤዛዊት አሁን ጅግጅጋ ነው ያለችው። ሚፍታህ ሥራ በዝቶበት ሁለተኛ ሰው ቀጥሯል። ኢብሳ በዚያው መርጫ የራሱን በር ሰማያዊ ቀባ። እትዬ ፈለቀች አዲሱን ምሰሶ አንድ ክንድ አርቀው አስተከሉ። አሰግድ ሌላ መኪና ጀምሯል። አልጋነሽ መንጃ ፈቃድ አወጣች።